የባዮሎጂ ክፍላችን ደንብና የእኔ ጥፋት

ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ጓደኞቼ ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ስፖርትና ስለ ትምህርት ጥቅም ጽፈዋል። እኔ ግን በባዮሎጂ ላቦራቶሪያችን በር ላይ ስለ ተለጠፈችው አንዲት ወረቀት ልጽፍ ተነሣሁ። ወረቀቲቱ ዐሥር ደንቦች ይዛለች። ሁላችንም በአጠገቧ እናልፋለን፤ ቆሞ የሚያነባት ግን ጥቂት ነው። እኔም ከዐሥሩ አራቱን በአንድ ቀን እስካፈርስ ድረስ ከማያነቧት ወገን ነበርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የ11ኛ ክፍል ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የባዮሎጂ አስተማሪያችን መጽሐፍ አላስገለጡንም። ጠመኔ አንሥተው ዐሥሩን ደንብ በሰሌዳው ላይ ጻፉና በደብተራችን እንድንገለብጥ፣ ወላጆቻችንም አንብበው እንዲፈርሙበት አዘዙን። ደንቦቹ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ጋዎን ሳይለብሱ፣ ረዥም ጠጉርም ሳያስሩ ወደ ላቦራቶሪ መግባት ክልክል ነው።

2ኛ/ በላቦራቶሪ ውስጥ ምንም ነገር አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይቀመስም።

3ኛ/ የዕለቱን ሥራ አስቀድሞ ያላነበበ ተማሪ ዕቃ መንካት አይፈቀድለትም።

4ኛ/ ማይክሮስኮፕ በሁለት እጅ ይያዛል፤ አንዱ እጅ ክንዱን ይይዛል፣ ሁለተኛው ከሥሩ ይደግፋል።

5ኛ/ ሁልጊዜ በትንሹ ሌንስ ይጀመራል፤ በ40ው ሌንስ ሲታይ ትልቁን መዘውር መንካት ፈጽሞ ክልክል ነው።

6ኛ/ ስለት ያለው ዕቃ ወደ ራስ አይቆረጥበትም፤ ለሌላ ሰው ሲሰጥም በእጀታው በኩል ነው።

7ኛ/ ሕይወት ያለውን ፍጥረት ያለ ምክንያት ማሠቃየት አይገባም፤ ከተጠና በኋላ ወደ ተገኘበት ስፍራ ይመለሳል።

8ኛ/ ሥዕል በእርሳስ ይሣላል፤ በዓይን የታየው እንጂ በመጽሐፍ የተነበበው አይሣልም።

9ኛ/ ዕቃ ቢሰበር፣ ነገር ቢፈስ፣ ሰው ቢቆረጥ፣ ያደረገው ሰው በዚያው ደቂቃ ለአስተማሪው ይናገራል።

10ኛ/ ጠረጴዛ ሳይጸዳ፣ እጅም በሳሙና ሳይታጠብ መውጣት የለም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። የመጀመሪያው ሥራችን ሽንኩርትን በማይክሮስኮፕ ማየት መሆኑን ነግሬያቸው ነበርና፣ ደብተሬን በስፌት መኪናቸው ላይ ዘርግተው ካነበቡ በኋላ ፈገግ ብለው፣ «ይህ ሁሉ ሕግ ለአንድ ራስ ሽንኩርት ነው?» አሉና ፈረሙ። በክፍላችንም ውስጥ ወረቀቲቱን «ዐሥርቱ ትእዛዛት» እያልን እንቀልድባት ጀመር። ከመካከላችን አንዳንዶቹ፣ «የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚጠይቀን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ምረጡ እያለ ነው፤ ማይክሮስኮፕ እንዴት እንደሚያዝ ማን ይጠይቀናል?» ይሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህን ከሚሉት አንዷ እኔ ነበርሁ።

ክፍላችን 48 ተማሪዎች ሲኖሩት ማይክሮስኮፖቹ 6 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ለአንዱ ማይክሮስኮፕ ስምንት ተማሪዎች ተመድበን ሁለት ሁለት እየሆንን ተራ እንጠብቅ ነበር። ከእኔ ጋር የደረሰችው ባልንጀራዬ ከከተማው ውጭ በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር ዝምተኛ ልጅ ናት።

የዚያን ዕለት ሥራ ለሚያውቀው ቀላል ነው። ሽንኩርቱ ይሰነጠቃል፤ ከአንዱ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ስስ ወረቀት ያለው ልጣጭ በወረንጦ ይገፈፋል፤ በስላይድ ላይ ከአንድ ጠብታ ውሃ ጋር ይነጠፋል፤ አዮዲን ይንጠባጠብበታል፤ በመጨረሻም ስሱ ክዳን መስታወት አየር እንዳያስገባ በአንድ ጎኑ አዘንብሎ ቀስ ብሎ ይወርድበታል። ይህን ሁሉ ባልንጀራዬ በጥንቃቄ አደረገችው። እኔ ግን የዕለቱን ሥራ አላነበብሁም ነበርና ቆሜ ተመለከትሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን 100 ጊዜ አጉልቶ በሚያሳየው በ10ሩ ሌንስ አየን። ግንበኛ የደረደራቸው ጡቦች የሚመስሉ ረዣዥም ክፍሎች ታዩን። ባልንጀራዬ ወዲያው አጎንብሳ በእርሳሷ መሣል ጀመረች። እኔ ግን ትዕግሥት አጣሁና ወደ 40ው ሌንስ አዞርሁት። ምስሉ ደበዘዘ። በዚህ ጊዜ ትንሹን መዘውር ቀስ አድርጎ ማዞር ይበቃ ነበር። ተራችን እንዳያልፍ ስለ ፈራሁ ግን ትልቁን መዘውር ጨብጬ አዞርሁት። ወዲያው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አምስተኛው ደንብ ለምን እንደ ተጻፈ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው። የ40ው ሌንስ ሲያሳይ ከስላይዱ የሚርቀው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ትንሹ መዘውር ለዓይን በማይታይ መጠን ሲያንቀሳቅስ፣ ትልቁ ግን በትንሽ ዙር ብዙ ስለሚያቀራርብ ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር ያጋጨዋል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

እጄን አነሣሁና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ራቅሁ። ባልንጀራዬ «ምን ሆነ?» ብላ ከደብተሯ ቀና አለች፤ ለማየትም ዓይኗን ወደ ማይክሮስኮፑ አስጠግታ እጇን በመዘውሩ ላይ አኖረች። አስተማሪያችን የደረሱት ልክ በዚህ ጊዜ ነበር።

«ማን ነው የሰበረው?» አሉ።

እኔ ደብተሬን ተመለከትሁ። እርስዋ እኔን ተመለከተች፤ ቀጥሎም መሬት መሬቱን አየች። ሁለታችንም አልመለስንም። ስላይዱ ተሰንጥቋል፤ የሌንሱም ፊት ተጭሯል። አስተማሪያችን እጇን በመዘውሩ ላይ ስላገኙት ጥፋተኛዋ እርስዋ መሆኗን ቆጠሩና እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ማይክሮስኮፕ እንዳትነካ፣ ቆማ ብቻ እንድትመለከት ፈረዱባት። እርስዋም «እሺ» ብላ ወደ ኋላ ሄደች። እኔ በዚያች ደቂቃ አንዲት ቃል መናገር ተስኖኝ ቀረሁ። አንዲት ደቂቃ ካለፈች በኋላ ደግሞ ሁለተኛዋ ከፊተኛዋ ይልቅ ከባድ ሆነችብኝ።

በዚያው ምሽት ሥዕሌን መጨረስ ነበረብኝ። በ40ው ሌንስ ያየሁት አንዳች ነገር አልነበረም። ነገር ግን የመማሪያ መጽሐፋችን የዕፀዋትን ሕዋስ አሳምሮ የሚያሳይ ሥዕል አለው። እርሱን ገለጥሁና ግድግዳውን፣ ኒውክሊየሱን፣ ሚቶኮንድሪያውን፣ በአረንጓዴ እርሳስም ክሎሮፕላስቱን ሁሉ አስጊጬ ገለበጥሁ። ከበታቹም «400 ጊዜ የጎላ» ብዬ ጻፍሁ። ሥዕሉ እጅግ ያማረ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜም አድንቆልኛል።

ከሁለት ቀን በኋላ ደብተሮቻችን ተመለሱ። በእኔ ገጽ ላይ ከ10 ዜሮ ተሰጥቶ፣ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ጥያቄ ብቻ ተጽፋ ነበር፤ «ሽንኩርቱ አረንጓዴ ነበርን?» የምትል።

አንባቢዬ እንደሚረዳው፣ የሽንኩርት ራስ የሚያድገው ብርሃን በማይደርስበት በአፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ በነጩ ሥጋው ውስጥ ክሎሮፕላስት የለም። የመጽሐፉ ሥዕል የዕፀዋትን ሕዋስ በጠቅላላው ለማስተማር የተሠራ እንጂ የእኛን ሽንኩርት የሚያሳይ አይደለም። ውሸቴን ያጋለጠችው ያችው ያስጌጥሁባት አረንጓዴ እርሳስ ናት።

ቀጥሎ አስተማሪያችን የአንድ ተማሪ ደብተር ከፍ አድርገው አሳዩን። ስም አልጠሩም፤ እኔ ግን ጽሕፈቱን ዐወቅሁት። በግራ በኩል በ100 ጉሊት የታዩት ጡብ መሰል ክፍሎች ተሥለዋል። በቀኝ በኩል ያለው ክብ ግን ባዶ ነበር። ከበታቹ፣ «ስላይዱ ስለ ተሰበረ አልታየኝም» የሚል ተጽፎበታል። ባዶው ክብ ከ10 ስምንት አግኝቷል።

አንዳንዶቻችን ሳቅን። አስተማሪያችን ግን እንዲህ ሲሉ አስረዱን፤ «እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ ከቡሽ ላይ የቆረጠውን ስስ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ ሥሎታል። ቡሹ የሞተ ነገር ስለ ሆነ የታዩት ባዶ ክፍሎች ብቻ ነበሩ፤ እርሱም ባዶ አድርጎ ሣላቸው። ለክፍሎቹ ሴል የሚለውን ስም የሰጠ እርሱ ነው። ኒውክሊየስ የሚለውን ስም ያወጣው ሮበርት ብራውን በ1831 የመጣው ከ166 ዓመት በኋላ ነው። ሁክ ባዶውን ክፍል በፈጠራ ሞልቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን ያምነው ነበር? ያላየ ሰው አላየሁም ማለቱ ዕውቀት ነው።»

ባልንጀራዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ወደ እርስዋ ዞሬ ለማየት ግን ድፍረት አጣሁ።

በዚያው ዕለት ማታ እቤት ስደርስ አባቴ መብራቱን ወደ ታች አውርደው በጉልበታቸው ተንበርክከው ወለሉን ሲፈትሹ አገኘኋቸው። የስፌት መኪናው መርፌ ተሰብሮ ነበር። ልብሱ ለሚቀጥለው ቀን የተቀጠረ የሕፃን ልብስ ነው። «አባዬ፣ ሌላ መርፌ አለ አይደል? ለምን አይቀጥሉም?» አልኋቸው።

«የመርፌው ጫፍ አልተገኘም» አሉኝ። «እኔ ዝም ብዬ ሰፍቼ ብሰጥ ማን ያውቃል? ነገር ግን በስፌቱ ውስጥ ገብቶ ከሆነ እኔን አይወጋኝም፤ የሚወጋው የለበሰውን ልጅ ነው። ስለዚህ ቁራጩ ሳይገኝ ልብሱ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

እኔም አብሬያቸው ተንበርክኬ ፈለግሁ። እራት እስኪቀርብ ድረስ ፈልገን ከመኪናው እግር ሥር አገኘነው። አባቴ ሌላ አልተናገሩም፤ የእኔንም ነገር አላወቁም። እኔ ግን በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ የሰበርሁት ቁራጭ በባልንጀራዬ ልብስ ውስጥ ቀርቶ እርስዋን እየወጋ እንደ ነበረ ተረዳሁ።

በማግሥቱ ደወል ሳይደወል ወደ አስተማሪያችን ሄጄ ሁሉን ነገር ነገርኋቸው። ሳላነብ መግባቴን፣ ትልቁን መዘውር ማዞሬን፣ ዝም ማለቴን፣ ሥዕሉንም መገልበጤን አንድ በአንድ ዘረዘርሁ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «አንቺ አራት ደንብ አፍርሰሻል። እኔም አንዱን አፍርሻለሁ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ የገባኝ ወደ ክፍል ስንገባ ነው።

በመላው ተማሪ ፊት ቆመው እንዲህ አሉ፤ «ማክሰኞ ዕለት አንድ እጅ በመዘውር ላይ አየሁ፤ መስታወት ሲሰበር ግን አላየሁም። ያላየሁትን ግን ፈረድሁ። ስለዚህ ስምንተኛውን ደንብ ያፈረስሁት እኔ ነኝ።» ቀጥለውም ባልንጀራዬን በስሟ ጠርተው ይቅርታ ጠየቋት። አስተማሪ ተማሪን በክፍል ፊት ይቅርታ ሲጠይቅ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔም ቆሜ ጥፋቴን በራሴ አፍ ተናገርሁ። ቅጣቴም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በየዓርቡ ከትምህርት በኋላ የማይክሮስኮፖቹን ሌንስ በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት ሆነ።

በዕረፍት ሰዓት ባልንጀራዬን ለብቻዋ አግኝቼ፣ «እኔ መሆኔን ታውቂ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ድምፁን ሰምቼ ቀና ስል እጅሽን ስታነሺ አይቻለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ዘጠነኛው ደንብ ያደረገው ሰው ይናገራል ይላል እንጂ ያየው ሰው አይልም። ተራው ያንቺ ነበር» አለችና ሄደች።

ውድ አንባቢዎች፣ ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ያ ማይክሮስኮፕ ዛሬም በ40ው ሌንስ አጥርቶ አያሳይም፤ ምትክ ሌንስም እስካሁን አልተገኘለትም። ዘንድሮ 11ኛ ክፍል የገቡት ታናናሾቻችን 400 ጊዜ አጉልተው ለማየት በአምስት ማይክሮስኮፕ ይጋፋሉ። የእኔን ጥፋት ዕዳ የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው። ባልንጀራዬም ወንበሯን ወደ ኋላ እንደ ወሰደች አልመለሰችም። ሰላምታችን ግን ተመልሷል።

ሁለተኛው መንፈቅ ሲገባ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ተማርን። የበሽታው ጥገኛ ትል የዕድሜውን ከፊል በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ገላ ያሳልፋል፤ ከዚያም ወደ ውሃው ወጥቶ ውሃ ውስጥ በሚገባው ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። አገራችንን ያስጠራው ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ አካባቢ ይህንኑ በሽታ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አየ። እናቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡ የኖሩት ከጥንት ጀምሮ ነው፤ ነገሩን በመጽሐፍ ፈልጎ የሚያገኘው ግን አልነበረም። እርሱ ያየውን ይዞ እንዶዱ ቀንድ አውጣን የሚገድል መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ። በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ።

ይህን ስማር በአረንጓዴ እርሳስ ያስጌጥሁት ሥዕል ትዝ አለኝ። መጽሐፍ የሚነግረን ሌሎች ቀድመው ያዩትን ነው፤ ይህም ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ከመጽሐፉ ብቻ የሚገለብጥ ሰው በወንዙ ዳር ቢቆም እንኳ የሞተውን ቀንድ አውጣ አያየውም።

ስለዚህ «ፈተናው ላቦራቶሪን አይጠይቅም» ለሚሉት ጓደኞቼ መልስ አለኝ። እርግጥ ነው፣ የምርጫ ጥያቄ በ40ው ሌንስ ላይ የትኛውን መዘውር እንደ ጨበጥን አያይም። ከእኛ መካከል ግን ነገ ሐኪም፣ ነርስ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ የሚሆኑ አሉ። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ደሙን ሰጥቶ በር ላይ ሲጠብቅ፣ በማይክሮስኮፑ ላይ ያጎነበሰው ሰው ያላየውን የወባ ተሕዋስ «አየሁ» ቢል፣ ያየውንም «የለም» ቢል፣ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። የዚያ ሰው ልማድ የሚጀምረው ዛሬ በእኛ የሽንኩርት ልጣጭ ላይ ነው።

ዐሥሩን ደንቦች አሁን ደግሜ ሳነባቸው ሁሉም ስለ ሌላ ሰው የተጻፉ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ስለቱ በእጀታው የሚሰጠው ለተቀባዩ እጅ ነው። ጠረጴዛው የሚጸዳው ከእኛ በኋላ ለሚቀመጠው ነው። እንቁራሪቷ ወደ ኩሬዋ የምትመለሰው ስለ ራሷ ነው። ሌንሱ የሚጠበቀው ነገ ለሚያይበት ልጅ ነው። የተሰበረው በዚያው ደቂቃ የሚነገረው ደግሞ ዕዳው በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ ነው።

እናንተ በመጪው መስከረም ወደ ላቦራቶሪው የምትገቡ ታናናሾቼ ሆይ፣ በበሩ ላይ ቁሙና ወረቀቲቱን አንብቡ። ወላጆችም ልጆቻችሁ ደብተር ይዘው ሲመጡ ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱ ደንብ ለምን እንደ ተጻፈ ጠይቋቸው። ሌላው ቢቀር ዘጠነኛውን አትርሱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነገር ግን እስኪጠራ ድረስ በጨለማው የሚቀመጥ ሌላ ሰው እንዳለ ከእኔ ተማሩ።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ከመስጠቴ በፊት ለባልንጀራዬ አሳየኋት። አንብባ ከጨረሰች በኋላ ስሟን እንዳልጽፍ ለመነችኝ፤ አንድ ስፍራም በእርሳስ አሰመረችበት። ወደ ኋላ ወንበር ስትሄድ «እያለቀሰች» ብዬ ጽፌ ነበር።

«አላለቀስሁም» አለችኝ። «አንቺ ደብተርሽን ትመለከቺ ነበር እንጂ እኔን አላየሽም። ያላየሽውን አትጻፊ።»

እኔም ሰረዝሁት።